ሐኪሙ «ጂን» ሲለን፦ ስለ ልጆች የአንጎል ዕጢ ማወቅ ያለብን

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



 

ዛሬ ከእንጅባራ ወደ አዘና የሚወስደውን መንገድ ይዘን የአንድ ቤት በር እናንኳኳለን። ቤቱ ለምሳሌ ያህል ያሰብነው ነው፤ የእገሌ ቤት ነው ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ። ነገር ግን በዚያ ቤት የሚሆነው ነገር በየትኛችንም ቤት ሊሆን የሚችል ነው።

አባወራው በከተማዋ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አለው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ራሷን ያማታል፤ ታስመልሳለች። ካስመለሰች በኋላ ቀለል ይላትና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እናቷ «ወስፋት ይሆናል» ብላ የወስፋት መድኃኒት ገዝታ ሰጠቻት። አያቷ «ዓይን ነው፣ ሰው አይቷት ነው» አሉ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ልጅቱ ስትሄድ ትንገዳገድ ጀመር፤ ውኃ የያዘ ጆግ ይዛ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ አንድ ቃል ላይ ተስማማ፦ «ጂን ነው»። ሂርዝ ተጻፈላት፣ ጭስ ታጨሰላት፣ ቅንድቧ ተበጣ። ስድስት ወር ሞላ።

በመጨረሻ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተላከች። የጭንቅላት ፎቶ ተነሳች። ሐኪሙም አባትየውን አስቀምጦ፣ «ልጅህ አንጎል ውስጥ ዕጢ አለ። ዕጢውን ያበቀለው አንድ ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ ነው» አለው። አባትየው ወደ ባለቤቱ ዞሮ፣ «አላልኩሽም? ሐኪሙም ጂን ነው አለ!» አላት።

ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በእኛ ቋንቋ በአንድ ድምፅ ይጠራሉ፤ በዚህ ምክንያትም የልጅ ዓይንና ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ሁለት «ጂን»፣ ሁለት ስሕተት

ጂኖች የአላህ ፍጡራን መሆናቸውን እናምናለን፤ በቁርኣናችንም በስማቸው የተጠራ ምዕራፍ አለ። ሐኪሞች «ጂን» የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ «ዘረመል» ተብሎ የተተረጎመ ሲሆን፣ በእያንዳንዷ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ የሥራ ትእዛዝ ማለት ነው። መቼ ማደግ፣ መቼ መከፈል፣ መቼ ማቆም እንዳለባት ለሕዋሷ የሚነግራት ይህ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ጂን ተለውጧል» ሲል ስለ ሰይጣን እያወራ አይደለም። ስለ አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ እያወራ ነው።

ይህን አስረድተን ስንጨርስ ሌላ ስሕተት ይከተላል። «ዘረመል» የሚለው ቃል «ዘር» የሚል አለበትና፣ የአባትየው ዘመዶች ይሰበሰቡና «እንግዲያው በዘር የመጣ ነው፤ በእኛ ወገን እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም፤ በእናቷ ወገን ነው» ይላሉ። በአገራችን ዘር መቁጠር ቀላል ነገር አይደለም። አዘና ራሷ ከሰባቱ ቤት አገው የአንዱ ስም ናት፤ ሰው ማንነቱን የሚናገረው ከእነማን እንደተወለደ በመቁጠር ነው። እንዲህ ባለ አገር «በዘሯ አለባት» የተባለች እናት ትዳሯ ይናጋል፤ የእህቶቿም ትዳር ይሰናከላል።

የመጀመሪያው ስሕተት ጊዜ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ቤት ያፈርሳል። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ዋናው ነገርም ይኸው ነው፦ አብዛኛው የልጆች የአንጎል ዕጢ ከጂን የመጣ ቁራኛ አይደለም፤ ከእናት ወይም ከአባት ዘር የመጣ ውርስም አይደለም።

ይህ ዕጢ ምንድን ነው?

የአንጎል ዕጢ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሐኪሞች ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጡታል። 3ኛውና 4ኛው ደረጃ ፈጥኖ የሚያድግና ክፉኛ የሚያጠቃ ነው። 1ኛውና 2ኛው ቀስ ብሎ የሚያድግ ሲሆን ዝቅተኛ ደረጃ ይባላል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ልጆችን ከሚይዙት የአንጎል ዕጢዎች ሲሶ ያህሉን ይይዛል። «ግላዮማ» ይሉታል። ነርቭን ደግፈው ከሚይዙ ሕዋሳት የሚነሳ ነው።

በተሟላ ሕክምና ከሚታከሙት ልጆች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ። ይህን ቁጥር ደግመን እንናገረው፤ ከአሥር ዘጠኝ። ብዙ ሰው «የአንጎል ዕጢ» የሚለውን ሲሰማ ከፈን ይታየዋል። ነገር ግን ይህ ዕጢ ገዳይ የሚሆነው በአብዛኛው ባለበት ቦታ ምክንያት ነው። የራስ ቅል አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ዕጢው የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃ ሲዘጋው ውኃ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ይጨምራል። የጠዋቱ ራስ ምታትና ማስመለስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዕጢው የዓይንን ነርቭ ከተጫነ ደግሞ ብርሃን ይጠፋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የልጆችን ካንሰር ለመከላከል ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ሲጀምር ቅድሚያ የሰጣቸው በሽታዎች ስድስት ናቸው። ከስድስቱ አንዱ ይህ ዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት በብዛት የሚታይና ሊድን የሚችል ስለሆነ ነው። ዓላማው እ.ኤ.አ. በ2030 ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ነው። በሀብታም አገሮች ዛሬም ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው መዘግየት፣ የሕክምና እጦትና ጀምሮ ማቋረጥ ነው።

ልጓሙ የወለቀ ፈረስ

በሕዋሷ ውስጥ ምን እንደሚሆን በአዊ ፈረስ እናስረዳ። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ፈረስ የሚያስሮጠው ተረከዝና የሚይዘው ልጓም ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ሕዋስም እንዲሁ ናት። «ተከፈይ፣ እደጊ» የሚለው መልእክት ከውጭ ይመጣና፣ እንደ ቅብብሎሽ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከተቀባዮቹ አንዱ «ቢራፍ» ይባላል፤ ከእሱ የሚቀበለው ደግሞ «ሜክ»። መልእክቱ ሲያበቃ ልጓሙ ይሳብና ሁሉም ይቆማል። በልጆች ዝቅተኛ ደረጃ ግላዮማ ውስጥ ግን ፈረሱ ሳይኮረኮር ይሮጣል። ይህም በዋናነት በሦስት መንገድ ይደርሳል።

አንደኛው፣ የቢራፍ ልጓም ተቆርጦ መውለቅ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ ሁለት ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ቁራጭ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በመገጣጠሚያው ላይ የሌላ ጂን መጀመሪያ ከቢራፍ መጨረሻ ጋር ይሰፋል። ቢራፍን የሚይዘው ክፍል በዚህ ጊዜ ይጠፋል። ከማጅራት በላይ ባለው በትንሹ አንጎል ላይ የሚበቅለውን ዕጢ በአብዛኛው የሚያመጣው ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ የአንድ ፊደል ስሕተት ነው። ቢራፍ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ 766 ፍሬዎች አሉት እንበል። 600ኛው ፍሬ በሌላ ሲተካ ፕሮቲኑ ሁልጊዜ «ሩጥ» የሚል ይሆናል። ይህ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2002 በሌሎች ካንሰሮች ላይ ተገኘ፤ በኋላም በልጆች አንጎል ዕጢ ላይ ታየ። ከአምስት ወይም ከስድስት ልጆች በአንዱ ላይ ይገኛል። ከመጀመሪያው ይልቅ ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ልጓም የሆነው ጂን ራሱ መጥፋት ነው። «ኤን.ኤፍ. 1» ይባላል፤ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1990 ተለይቶ ታወቀ። ስለ እሱ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ሌሎችም ጥቂት ለውጦች አሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚነኩት ይህንኑ አንድ የቅብብሎሽ መስመር ነው። በትልልቅ ሰዎች ካንሰር ውስጥ ብዙ ስሕተቶች ተደራርበው ይገኛሉ፤ በዚህኛው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ዕጢው ቀስ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ልጓሙ የወለቀ ፈረስ ይሮጣል፣ ይሮጣልና ይደክማል። የዕጢው ሕዋሳትም ከጊዜ በኋላ ያረጃሉ። ልጁ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ብዙዎቹ ዕጢዎች ማደጋቸውን ያቆማሉ። የሐኪሙ ሥራ የልጁን ዓይን፣ አእምሮና አካል ሳይጎዳ እስከዚያ ቀን ማድረስ ነው።

ስሕተቱ ያለው በየትኛው ቅጂ ነው?

አሁን ወደ እናትየው እንመለስ። አንድ ደረሳ ከሸኹ ኪታብ ላይ እየገለበጠ ነው እንበል። ዋናው ኪታብ ትክክል ነው። ደረሳው መቶ ቅጂ ጽፎ በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል ተሳሳተ። ከዚያች ቅጂ የገለበጡ ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ማለት ግን የሸኹ ኪታብ ስሕተት አለበት ማለት አይደለም፤ የቀሩት 99 ቅጂዎችም ጤነኛ ናቸው።

የልጅ አካል ሲያድግም ሕዋሳት እንዲሁ ይገለበጣሉ። በአብዛኞቹ ሕሙማን ልጆች ላይ ስሕተቱ የተፈጠረው በአንዲት የአንጎል ሕዋስ ውስጥ ነው። የእናትየው ኪታብ ትክክል ነው። የአባትየውም ትክክል ነው። የልጅቱም ቢሆን በደሟ፣ በልቧና በቆዳዋ ውስጥ ያለው ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው በዕጢው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእናት አልተወረሰም፤ ለእህት ለወንድም አይተላለፍም፤ ልጅቱ አድጋ ስታገባም ለልጆቿ አታወርሰውም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የበላችው፣ የተሸከመችው ወይም የደነገጠችው ነገር ይህን እንዳመጣ የሚያሳይ ማስረጃም የለም።

ወንድሞቻችን ሆይ! ሚስቱን በዚህ ምክንያት የወቀሰ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይቅርታ ይጠይቃት። ያለ ማስረጃ መወንጀል በዲናችን ከባድ ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በቆዳ ላይ የሚነበበው

በዘር የሚተላለፍበት ሁኔታ ፈጽሞ የለም ማለታችን ግን አይደለም። ሦስተኛው ያልነው ኤን.ኤፍ. 1 ገና ከፅንሱ ጀምሮ በሰውነት ሁሉ ላይ ሊኖር ይችላል። በዓለም ላይ ከ3,000 ያህል ልጆች አንዱ ይህን ይዞ ይወለዳል። ምልክቱም በቆዳ ላይ ይታያል፦ የቡና በወተት ቀለም ያላቸው፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ወርዳቸው ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነጠብጣቦች። በብብትና በብሽሽት ደግሞ ጥቃቅን ጠቃጠቆ ይኖራል። በአዋቂዎች ላይ ለስላሳ እብጠቶች በቆዳ ላይ ይወጣሉ።

ይህ ካለባቸው ልጆች ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆኑት በዓይን ነርቭ መስመር ላይ ዝቅተኛ ደረጃ ዕጢ ይወጣባቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሰባት ዓመት በፊት። ብዙዎቹ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው በክትትል ብቻ ይኖራሉ። ስለዚህ ልጅዎን ሲያጥቡ እንዲህ ያሉ ነጠብጣቦች ካዩ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም ለሐኪም ያሳዩ፤ በየዓመቱም ዓይኑን ያስመርምሩ።

እዚህም ላይ ቢሆን ግማሾቹ ከወላጅ ያልመጡ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠሩ ናቸው። የቀሩት ግማሾቹ ከእናት ወይም ከአባት ይመጣሉ፤ ከእናት ብቻ አይደለም። ማንም ደግሞ ዘሩን መርጦ አልተወለደም።

እነዚህን ስታዩ አትቆዩ

አንድ ቀን ራሱን ያመመው ልጅ ሁሉ ዕጢ አለበት ማለት አይደለም። የሚከተሉት ግን ሲደጋገሙ ወይም እየባሱ ሲሄዱ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ይላል፦

• ጠዋት ጠዋት የሚነሳ ራስ ምታት፣ ተቅማጥና ትኩሳት የሌለበት ማስመለስ፤
• ቀድሞ ደህና ይሄድ የነበረ ልጅ መንገዳገድ፣ ዕቃ ከእጁ መውደቅ፤
• ዓይን መንሸዋረር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ደብተርን ወደ ዓይን ማስጠጋት፣ ወይም አንገትን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፤
• ያለ ትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ፤
• የሕፃን ጭንቅላት ከዕድሜው በላይ መትለቅ፤
• ያለ ጊዜው የጉርምስና ምልክት መታየት ወይም እድገት መቆም።

መንቀጥቀጡን በተለይ ልብ በሉ። ልጁ ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ ወዲያው «ጂን ያዘው» የምንለው በዚህ ጊዜ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ልጃቸውን ጠበል ይዘው ሲመላለሱ ወር ያልፋል፤ እኛም ሩቅያ ይዘን ስንመላለስ ወር ያልፋል። ዕጢው ግን እኛንም እነሱንም አይጠብቅም። ዱዓእ አድርጉ፣ ቁርኣን ቅሩበት፤ ይህን የሚከለክል ሐኪም የለም። ሰበቡንም አድርሱ። ሩቅያውን እየቀራችሁ መኪና መሳፈር ትችላላችሁ። ቅንድብ መብጣት፣ ግንባር መተኮስና የማይታወቅ ሥር ማጠጣት ግን ልጁን ከመጉዳት በቀር የሚፈይደው የለም።

ከአዘና እስከ ጥቁር አንበሳ

መንገዱ ረጅም ነው። ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፤ ካስፈለገም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ። የጤና መድን አባል የሆናችሁ መታወቂያችሁንና የሪፈር ወረቀቱን ከየደረጃው ያዙ፤ ደረጃውን ዘለው ከሄዱ መድኑ ላይከፍል ይችላል። የተነሳውን ፎቶና የምርመራ ውጤት ሁሉ በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ ጠብቁ።

በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥልጠና ተጀመረና በርካታ ሐኪሞች እዚሁ ተምረው ወጡ። በጥቁር አንበሳም ራሱን የቻለ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍል አለ።

ዕጢው በትንሹ አንጎል ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ ብዙዎቹ ልጆች ሌላ መድኃኒት ሳያስፈልጋቸው ይድናሉ። በዓይን ነርቭ ላይ ወይም በአንጎል ግንድ ላይ ከሆነ ግን ሁሉንም ማውጣት አይቻልም። ቀዶ ሐኪሙ ከፊሉን ቢተው ሥራውን አበላሸ ማለት አይደለም፤ የልጁን ዓይንና እግር ማትረፉ ነው። ከዚያ በኋላ ካርቦፕላቲንና ቪንክሪስቲን የተባሉ የቆዩ መድኃኒቶች ለወራት ይሰጣሉ። ጨረር የሚያድግ አንጎልን ስለሚጎዳ በትንንሽ ልጆች ላይ በተቻለ መጠን አይመረጥም።

አዳዲስ መድኃኒቶችም መጥተዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የ600ኛው ፍሬ ለውጥ ላለባቸው ልጆች ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ላይ እንዲሰጡ ፈቀደ። አንዱ ቢራፍን፣ ሌላው ሜክን የሚይዝ ነው። በተደረገው ጥናት ዕጢው በግልጽ የቀነሰላቸው ልጆች በአዲሶቹ 47 በመቶ፣ በቆዩት መድኃኒቶች ደግሞ 11 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ቶቮራፌኒብ የተባለ ሌላ መድኃኒት ተፈቀደ፤ ይህኛው ልጓሙ ለወለቀበት ለመጀመሪያው ዓይነትም ይሆናል።

የጂኑን ለውጥ ለይቶ ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። ቢራፍን ለመያዝ በመጀመሪያ የተሠሩት መድኃኒቶች ለብቻቸው ሲሰጡ ለ600ኛው ፍሬ ለውጥ ይረዳሉ፤ ልጓሙ የወለቀበት ልጅ ቢወስዳቸው ግን ዕጢውን ያፋጥኑበታል። ስለዚህ ከውጭ አገር ያለ ዘመድ «መድኃኒቱን ልላክላችሁ» ቢል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ እንዳትሰጡ። እነዚህ መድኃኒቶች እጅግ ውድ ናቸው፤ በአገራችንም እንደ ልብ አይገኙም። ቢሆንም በእጃችን ያለው ቀዶ ሕክምናና የቆየው መድኃኒት ብዙ ልጆችን ያድናል፤ በጊዜ ከደረስን።

ለጀመዓው የምንለው

አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው አባት ግማሽ መንገድ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። «ተስፋ አዲስ» የተባለው፣ የካንሰር ሕሙማን ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ድርጅት ከክልል ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ይሰጣል። ያረፈ ሕፃን ስም የያዘው «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ»ም ሕሙማንን ይረዳል። እነዚህን የመሠረቱት ሐዘናቸውን ወደ ሥራ የለወጡ ወላጆች ናቸው።

እኛስ? የአንድ ልጅ የመሳፈሪያና የምግብ ወጪ ለአንድ አባት ተራራ ነው፤ ለአንድ ጀመዓ ግን ከጁምዓ በኋላ የሚሰበሰብ ሰደቃ ነው። ከዕጢው በኋላ ለዓመታት የሚቆይ ክትትል አለ፤ ልጅቱ «ዳነች» ብለን ቀጠሮዋን እንዳናስረሳት ሁላችንም ኃላፊነት አለብን። ከዚህም የሚቀል ሌላ ሰደቃ አለ። የሕመምተኛ እናት ቤት ስንገባ «በማን ወገን ነው የመጣው?» ብለን አለመጠየቅ። በዚህ ፈንታ «ቀጠሮዋ መቼ ነው? ማን ይሸኛችሁ?» ብንል ይሻላል።

የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። አላህ የታመሙ ልጆቻችንን ያሽርልን፣ ወላጆቻቸውን ሶብር ይስጥልን፣ ሐኪሞቻችንንም በዕውቀት ላይ ዕውቀት ይጨምርላቸው። አሚን።